የሰው ደመወዝ ቆጣሪዎች

ደመወዝ ምስጢር ነው። ወንድም ከወንድሙ ይደብቀዋል፤ ባል ለሚስቱ ቀንሶ፣ ለአማቱ ጨምሮ ይናገረዋል። በሰው መሀል «ለመሆኑ ስንት ይከፈልሃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነውረኛ ይባላል። የክርስቲያኖ ሮናልዶን ደመወዝ ከጠየቃችሁት ግን ያ ቁጥብ ሰው አንደበቱ ይፈታል። ከክለቡ ስንት፣ ከማስታወቂያ ስንት፣ ከስሙ ኪራይ ስንት፣ ሁሉንም ሳይሰስት ይዘረግፈዋል። በየወሩ ከራሱ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ የምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እሱን ሂሳብ ክፍል ያውቃል» የሚለው ይኸው ሰው ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ፎርብስ መጽሔት በ2025 የስፖርተኞችን ገቢ ሲደረድር (ዓመቱን በፈረንጆቹ የምቆጥረው ውሉም የሚፈረመው በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ነው) ሮናልዶን በ275 ሚሊዮን ዶላር ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት አንደኛ አደረገው። ባልደረባዬ ይህን እንዳነበበ የያዘውን ሥራ ወደ ጎን ገፋ፤ ስልኩን አወጣ፤ ማካፈል ጀመረ። ለ365 ሲያካፍለው በቀን 753 ሺህ ዶላር መጣ። «ቆዩ፣ ቆዩ» አለና ለ24 አካፈለው፤ በሰዓት 31 ሺህ። ለ60 አካፈለው፤ በደቂቃ 523። እዚህ ላይ የሚበቃው መስሎን ነበር። እሱ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ ለ60 አካፍሎ በሰከንድ ስምንት ዶላር ከሰባ ሁለት ሳንቲም ላይ ሲደርስ ነው ቀና ያለው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ግዴታውን የተወጣ ሰው እርካታ ነበር። «ስምንት ሰዓት ሲተኛ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገብቶለት ይነሣል!»

ከመሀላችን አንዷ «ቀን ቀንም የሚያሸልብ ከሆነስ?» ብላ ጠየቀችው። ጥያቄውን በአክብሮት ተቀብሎ እሱንም አሰላው። በዚህ መካከል የዚያን ቀን ሪፖርት አልደረሰም። አለቃችን ጠርተው ሲቆጡት ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ሲመለስም ለሁላችንም አበሰረን፦ «ሦስት ደቂቃ ነው የተቆጡኝ። ሮናልዶ 1,570 ዶላር ሠራ።»

ቁጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። «ኳስ ለሚያንከባልል ሰው ይህ ሁሉ ገንዘብ! ነፍስ የሚያድነው ሐኪምስ? ትውልድ የሚቀርጸው መምህርስ?» ይህን የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ክርክሩም መልስ የለውም። ያም ሆኖ እነዚሁ ሰዎች ሰዓታቸውን ሞልተው በእኩለ ሌሊት የሚነሡት የዋንጫ ጨዋታ ለማየት እንጂ ሐኪም አንጀት ሲሰፋ ለማየት አይደለም። የሒሳብ መምህሩን ስም ከነቁጥሩ ጀርባው ላይ አሳትሞ የሚንጎራደድ ሰው እስካሁን አላየሁም። ነርስ መርፌዋን በአንድ ሙከራ ደም ሥር ላይ ስላገኘች ተቃቅፎ የዘለለ ሕዝብም አላጋጠመኝም፤ መርፌ በሦስተኛው ሙከራ የተወጋ ሰው ግን ይህ ጭብጨባ የሚገባው እንደሆነ ያውቃል።

ሐኪም ካልን የኔይማር ጉልበት ትዝ ይለኛል። ፓሪ ሳን ዤርማን በ2017 ይህን ብራዚላዊ ከባርሴሎና ለመውሰድ 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ዓለምን እጁን በአፉ አስጫነ። በ2023 ደግሞ የሳዑዲው አል ሂላል ወሰደው። ጥቂት እንደተጫወተ ለአገሩ ሲሰለፍ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ተሰፋ፤ ተኛ። በጥር 2025 ከክለቡ ጋር ሲለያይ ለአል ሂላል የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ጉልበቱን የሰፋው ሐኪም ቆሞ ነው የሠራው፤ ትልቁ ገንዘብ የተከፈለው ግን ለተኛው ነው።

ሸርዊን ሮዘን የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን ጉድ በ1981 ባሳተመው ጥናት አብራርቶታል። መምህር የቱንም ያህል ቢጎብዝ የሚያስተምረው ፊቱ የተቀመጠውን ክፍል ነው። ቀዶ ሐኪምም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሆድ በላይ አይከፍትም። ተጫዋቹ ግን ያገባትን ግብ መቶ ሰው ቢያያት መቶ ሚሊዮን ሰው ቢያያት ድካሙ ያው ነው። ተመልካቹም በዚያው ክፍያ አንደኛውን ማየት እየቻለ አሥረኛውን የሚያይበት ምክንያት የለውም። በዚህ የተነሣ በችሎታ በስንዝር የሚበልጠው በገቢ በአገር ስፋት ይበልጣል። ባጭሩ ጥፋተኛው የቴሌቪዥን ስርጭቱ ነው፤ ስርጭቱን በየወሩ እየከፈለ የሚያስቀጥለው ደግሞ ይኸው የተቆጣው ወዳጃችን። ይህን ስትነግሩት «እኔ እንኳ ያስገባሁት ለዜና ነው» ይላል።

ለዜናም ይሁን ለሌላ፣ ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት ያስደንቃል። በግንቦት 2015 ቡጢኞቹ ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ በላስ ቬጋስ ሲገናኙ አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤት ወደ መቶ ዶላር እየከፈለ አየ። ግጥሚያው በጠቅላላው የ36 ደቂቃ ቡጢ ነው። ሜይዌዘር ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ወጣ። የሰውየው ዋና ጥበብ ደግሞ ሸሸት እያሉ አለመመታት ነው! በማግስቱ ተመልካቹ «ምን ዓይነት አሰልቺ ነገር ነው» እያለ አማረረ። ጠብ ለማየት ከፍሎ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎችን በማየቱ ተበሳጭቶ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው አትሌት ጂም ቶርፕ በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዶ ነበር። ቀደም ሲል በክረምት ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ ሲሰማ ግን ሜዳልያዎቹን በ1913 ተነጠቀ። የተመለሱለት በ1982 ነው፤ እሱ ከሞተ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ያኔ ለኦሊምፒክ ስፖርተኛ ገንዘብ መቀበል ራሱ ወንጀል ነበር። በእንግሊዝ እግር ኳስም እስከ 1961 ድረስ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው፤ በሳምንት 20 ፓውንድ። የፉልሃም ክለብ ሊቀ መንበር ቶሚ ትሪንደር በሙያው ኮሜዲያን ነበርና፣ ጣሪያው መቼም የማይነሣ መስሎት «ባይከለከል ኖሮ ለተጫዋቼ ለጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ እከፍለው ነበር» እያለ ይመጻደቅ ነበር። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ሥራ እናቆማለን ብሎ በጥር 1961 ጣሪያውን አስነሣ። ሄይንስም 100 ፓውንዱን ጠየቀ፤ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእግር ኳስ ደመወዝ ታሪክ የአንድ ቀልደኛ ቀልድ ከቁም ነገር ተቆጥሮበት የተጀመረ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከተቆጪው ይልቅ ግን እኔን የሚያስገርመኝ ጠበቃው ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ጠበቃ። ለራሱ የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ጉሮሮው የሚደርቅ ሰው፣ ለሚወደው ተጫዋች ሲሆን ጠረጴዛ ይደበድባል። «ይገባዋል! ለክለቡ ያስገባውስ? የማልያው ሽያጭስ?» ተቀናቃኝ ቡድን ያንኑ ገንዘብ ለራሱ ተጫዋች ሲከፍል ግን ያው ጠበቃ በቅጽበት ዓቃቤ ሕግ ሆኖ «ይሄ ገንዘብ እኮ ስንት ሆስፒታል ያሠራል!» ይላል። የሆስፒታል እጥረት የሚታወሰው ሁልጊዜ ሌላው ቡድን ሲያስፈርም ነው።

በጥር 2021 ኤል ሙንዶ የተባለው የስፔን ጋዜጣ የሊዮኔል ሜሲን የባርሴሎና ውል አወጣው፤ ለአራት ዓመት እስከ 555 ሚሊዮን 237 ሺህ 619 ዩሮ። (የመጨረሻዎቹን 619 ዩሮ ማን ተከራክሮ እንዳስገባቸው ባውቅ ደስ ይለኛል።) በነሐሴ ላይ ክለቡ በዕዳ ተይዞ ሊያስፈርመው እንዳልቻለ ሲታወቅ ሜሲ መድረክ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ባለቤቱ መሐረብ አቀበለችው። ዓለምም አብሮት አለቀሰ። የቤት ኪራይ ያለባቸው ሰዎች ለእሱ ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እንባውን እየጠረገ «አሁን ምን ሊሆን ነው?» ይለኝ ነበር፤ ልጁ መንገድ ላይ ሊወድቅ ነው የሚል ስጋት በድምፁ ውስጥ አለ። በሁለተኛው ቀን ሜሲ ለፓሪሱ ክለብ ፈረመ። ወዳጄ ግን ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልቀመሰም ማለት ይቻላል።

ጠበቃው ሲደክመው አማካሪው ይተካል። ማይክ ታይሰን ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቶ በ2003 ከሰርኩ አለ። የቅርጫት ኳሱ አንትዋን ዎከር ከ108 ሚሊዮን በላይ ተከፍሎት በ2010 ያንኑ አለ። ይህ ሲወራ ደመወዙ ለሃያኛው ቀን የማትደርስለት ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ገንዘብ መያዝ አያውቁም!» ይላል። «እኔ ብሆን ግማሹን ባንክ፣ ግማሹን ቤት…» እያለም ያከፋፍለዋል። ጥቂት ገንዘብ እንዲያበድረን ሲጠየቅ ግን እጁ ላይ ምንም የለም፤ ሁሉም ታይሰን ላይ አልቋል።

እውነት ለመናገር ምክር የማይፈልጉም አሉ። ቤዝቦል ተጫዋቹ ቦቢ ቦኒያ መጫወት ያቆመው በ2001 ነው። የኒው ዮርኩ ሜትስ ክለብ ግን ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ መባቻ 1,193,248 ዶላር ከሃያ ሳንቲም ይከፍለዋል፤ እስከ 2035፣ ሰባ ሁለት ዓመት እስኪሆነው። በአንድ ጊዜ ሊሰጠው የነበረውን ስድስት ሚሊዮን ያህል ዶላር «በኋላ ከነወለዱ ስጡኝ» ብሎ ነው። ጃፓናዊው ሾሄ ኦታኒም በ2023 መጨረሻ ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጋር ለአሥር ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሞ፣ ለጊዜው በዓመት ሁለት ሚሊዮን ብቻ ለመውሰድ ተስማማ፤ የቀረው ከ2034 ጀምሮ ይከፈለዋል። ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ከልቡ አዘነ። «ሁለት ሚሊዮን?» አለኝ። «እና እስከዚያ በምን ይኖራል?»

ይህ የመቁጠር ልማድ የቴሌቪዥን ዘመን ልጅ ብቻ ከመሰላችሁ ሮማውያን ቀድመውናል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋይዮስ አፑሌዮስ ዲዮክሊስ የሚባል የሠረገላ ተወዳዳሪ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ነዳ፤ 4,257 ጊዜ ተወዳድሮ 1,462 ጊዜ አሸነፈ፤ በአርባ ሁለት ዓመቱ ጡረታ ወጣ። አድናቂዎቹና የሙያ ጓደኞቹ አቆሙለት በሚባለው ድንጋይ ላይ የዕድሜ ልክ ገቢው ተቀርጿል፦ 35,863,120 ሴስተርስ፣ የሮማውያን ገንዘብ። ሠላሳ አምስቱን ሚሊዮን ጽፈው ሲያበቁ ሃያዋን እንኳ አልዘለሏትም። ጠራቢው እያንዳንዱን አኃዝ በመሮ ሲቀርጽ ውሎ ማታ የራሱን የቀን ሒሳብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ስንት እንደተከፈለው የጻፈ የለም።