ጊደሯ ቀኑን እንዴት ዋለች?

«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች።» እናቴ ትለው ነበር። አያቴም ትለው ነበር። እኔም አማርኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስንት ልጅ ላይ እንደተረትኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዱ ሲጋራ ይዞ ተገኘ ሲባል፣ አንዷ ከክፍል ፎርፋ ስትያዝ፣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ነው።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ስተርት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጊደሯ ግን ቀኑን እንዴት ዋለች?» ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የምሯን ነበር። ከአህዮች ጋር የዋለችው ሌላ ከብት አጥታ ነው? መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር? እምቢ ስትል ምን አሏት?

መልስ አልነበረኝም። ተረቱ የሚጀምረው ማታ ነው። ጊደሯ ወደ በረት ስትመለስ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ። ቀኑን ማንም አልነገረንም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ለልጆቻችን የምንሰጣቸው ታሪክ ሁሉ የማታ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ጥፋቱ አለ፤ ቅጣቱ አለ። ልጁ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለቱ በፊት ያለችው ደቂቃ ግን የለችም። ለወጣት የሚጻፍ ልብ ወለድ ሥራው ያቺን ደቂቃ መጻፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ጋ ደግሞ የሚጽፋት ሰው ጠፍቷል።

የምኖረው ጅማ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከ13 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር ተሰብስበን እናነባለን። ገሚሶቹ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፣ ገሚሶቹ አማርኛ። እርስ በርስ ሲያወሩ ሁለቱንም ያቀላቅሉታል። መደርደሪያችን ላይ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ጅብና ጥንቸል ያሉበት፣ ሥዕል የበዛበት የሕፃናት ተረት ነው። ሌላው ወፍራም የአዋቂ ልብ ወለድ ነው፤ ጦርነት፣ ፖለቲካ፣ የትዳር ጣጣ። መሃሉ ባዶ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያውን ሲያይ «ይሄ የጩጬ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ይጀምርና 30ኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ይመልሰዋል።

ትንንሾቹስ ሰው ነበራቸው። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረዋቸዋል። ከዚያ ዕድሜ ያለፈው ልጅ ግን ለተረት «አድጓል» ይባላል፣ ለአዋቂ ወግ ደግሞ «ገና ነው» ይባላል። የሚገርመኝ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በወጣቶች ታሪክ መሆኑ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ባለታሪኮቹ መንታ ወንድምና እህት ናቸው። እህትየው የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። እንዲህ የተጀመረ ነገር እንዴት ልጆቹን መንገድ ላይ ጥሎ እንደሄደ አላውቅም።

አሁን ወደ ደቂቃዋ ልመለስ።

ጅማ ውስጥ ጫት በግድ አይጀመርም። የሚጀመረው በርጩማ በመሳብ ነው። አንዱ ጓደኛህ ያቺን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ በእግሩ ገፋ ያደርግልሃል። «ና፣ አረፍ በል። አትቅም፣ ዝም ብለህ ተጫወት።» ሌላው ጠጋ ይልልሃል። ቡና ይቀዳል። ጨዋታው ደስ ይላል። አንዱ ለስላሳዋን ቀንበጥ ቀንጥሶ፣ በጣቱ ጠራርጎ ያቀብልሃል፤ እንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው። የዘረጋውን እጅ መመለስ ነውር ይመስልሃል።

ይህን ልብ በሉልኝ። በርጩማውን የሳበው ልጅ «ክፉ ጓደኛ» አይደለም። ወባ ይዞህ ሳምንት ስትተኛ ደብተሩን ይዞ ቤትህ የመጣው እሱ ነው። አባትህ ሲያርፍ ድንኳን ሲጥል ያመሸው እሱ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚነበቡት አጫጭር ድራማዎች ውስጥ ግን ጓደኛ ማለት ጥግ ቆሞ የሚያደባ ሰይጣን ነው። ልጆቹ እንዲህ ያለ ሰው አይተው አያውቁም። ስለዚህ ድራማው የሚያወራው ስለ እነሱ አይመስላቸውም። ሰይጣን ሲመጣ እናውቀዋለን ብለው ይጠብቃሉ። የሚመጣው ግን የሚወዱት ልጅ ነው።

ሌላም አለ። ይሄኛው የኛ የወላጆች ጉዳይ ነው።

ልጆቻችንን በይሉኝታ ነው የምናሳድገው። «ሰው ምን ይላል?» የማይባልበት ቤት አላውቅም። እንግዳ ቤት ስትሄድ ቢርብህም ጠግቤአለሁ በል። ታላቅህ ሲናገር ቢሳሳትም ዝም በል። ሁሉም ሲነሳ ተነስ፣ ሁሉም ሲቀመጥ ተቀመጥ። 14 ዓመት ሙሉ ይህን ስንነግረው እንኖራለን። በ15ኛው ዓመት በድንገት «ጓደኞችህ የሚሉህን አትስማ፣ በራስህ ቁም» እንለዋለን። ጓደኞቹስ ሰው አይደሉም እንዴ? ያስተማርነውን ነው እኮ የሚያደርገው። እኛ ፊት ዝም ያለው ልጅ እነሱም ፊት ዝም ይላል።

ይሉኝታ ይጥፋ አላልኩም። ለቅሶ ቤት የሚያስኬደን፣ የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ በር የሚያስከፍተን እሱ ነው። ግን እምቢታም ትምህርት ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቃል ይፈልጋል። ለመሆኑ በአማርኛ ጓደኛን ሳያስቀይሙ እምቢ የሚባለው እንዴት ነው? «ዛሬስ ይቅርብኝ» አለ። «እማዬ ትጠብቀኛለች» አለ። «ሌላ ቀን» አለ፤ እሱ ግን ነገ መልሶ ያመጣብሃል። «ፈራህ እንዴ?» ለሚለውስ ምን ይመለሳል? «ፋራ ነህ» ለሚለውስ? የ15 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ይስማ? ወላጁ አያውቀውም፤ መምህሩ ሲመክር የሚናገረው የመጽሐፍ አማርኛ ነው። ጥሩ የወጣት ልብ ወለድ ግን ምልልሱን ይሰጠዋል። ባለታሪኩ ተንተባትቦ፣ ተሳስቶ፣ ውሸት ቀላቅሎ፣ በመጨረሻ አንዲት የምታዋጣ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። አንባቢው ያቺን ይዟት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ አሜሪካ ውስጥ ያደረገውን ሙከራ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠየቃሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ አስቀድመው የተስማሙ ናቸውና በአንድ ድምፅ ስህተቱን ይመልሳሉ። ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሌሎቹ ጋር ተስማምተዋል። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ይተርከዋል። እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ መሳሳቱ ከነበረው ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ጀግና መሆን አላስፈለገውም፣ ንግግር አላደረገም። እሱም ያንኑ አየ፣ ያየውን ተናገረ፤ በቃ።

ክፍል ውስጥ ያ አንድ ሰው ላይኖር ይችላል። መጽሐፍ ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል። እኔ ለልብ ወለድ የምሟገተው በዚህ ምክንያት ነው። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የእሱን ፍርሃት የፈራች ባለታሪክ ያገኘ ልጅ፣ ጠዋት ብቻውን አይሄድም።

ይህ ሕልም አይደለም፤ አገራችንም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ታስታውሱት ይሆናል። 257 ክፍል ነበረው። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ ድራማዎች የሚሠሩበት መላ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ጥሩ ባለታሪክ አለ፣ መጥፎ ባለታሪክ አለ፤ ዋናው ግን በሁለቱ መሃል የሚወላውለው ነው። አድማጭ ራሱን የሚያገኘው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ይሳሳታል፣ ነገ ይጸጸታል፣ ከነገ ወዲያ መልሶ ይሳሳታል። ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ የሚጠብቀው የዚያን ሰው ነገር ለማወቅ ነው።

የኛ የወጣት ጽሑፍ የሚፈራው ይህንኑ ወላዋይ ልጅ ነው። ባለታሪኩ በመጀመሪያው ገጽ ይሳሳታል፣ በሦስተኛው ይቀጣል። የቃመው ያብዳል። የሰረቀው ይታሰራል። የኮረጀችው ትያዛለች። ልጆቹ ግን ዓይን አላቸው። ሰፈራቸው ውስጥ የቃመ ሁሉ አላበደም። የኮረጀ ሁሉ አልተያዘም፤ እንዲያውም ከእነሱ በልጦ አልፏል። መጽሐፉ እንደዋሻቸው ሲያውቁ ቀጥሎ የሚለውን እውነትም አያምኑትም።

የኩረጃን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የልጅቱን ታሪክ ልንገራችሁ። ያቺ ስለ ጊደሯ የጠየቀችኝን ማለቴ ነው።

አንድ ቅዳሜ በደብተር የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ባለታሪኳ ሃናን ትባላለች። የፈተና ቀን ነው። ከኋላዋ የተቀመጠችው ጓደኛዋ እናቷ ታማባት ወሩን ሙሉ ሆስፒታል ስታስታምም ነው የከረመችው፤ አላጠናችም። ተነጋግረዋል። ጆሮ መንካት ኤ፣ ፀጉር መንካት ቢ፣ አፍንጫ መንካት ሲ፣ ዝም ማለት ዲ። እስክሪብቶ ሲወድቅ ቀጣዩ ጥያቄ ማለት ነው። ሃናን ሁሉንም ነገረቻት። ማንም አልያዛቸውም። ሁለቱም አለፉ። ታሪኩ የሚያልቀው ሃናን ማታ ቤቷ ሆና ጆሮዋን ሲያሳክካት እጇን ለማንሳት ስትፈራ ነው።

አብራኝ የምታስነብብ ጓደኛዬ አልተስማማችም። «መያዝ አለባት፤ አለዚያ ኮርጁ እያልን ነው» አለች። ሥጋቷ ይገባኛል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ ወጥቶ፣ ተቋርጦ እንደገና የተሰጠበት አገር ነው። የ2014ቱ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ኩረጃ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ታሪኩ እንዳለ ይነበብ አልኩ። ተነበበ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከሩ። ስለ ኩረጃ ስመክር ሃያ ደቂቃ ታግሰውኝ አያውቁም። አንዱ «እናቷ ታማ እያለች መከልከል ጭካኔ ነው» አለ። አንዷ «ቀድማ ልታስጠናት ትችል ነበር፣ ሆስፒታል ሄዳ» አለች። አንዱ ዝምተኛ ልጅ፣ ወሩን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ፣ «እኔ የታመመች እናት የለችኝም፣ ግን ሁሌ ይጠይቁኛል» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የምለምነው እንዲህ ያለውን ነው። ደራሲዎቻችን 80 ገጽ የሆነች ቀጭን መጽሐፍ አያሳንስባቸው። የሰፈር ታሪክ ሞልቷል። ጅማ ብቻ ስንት አለ። ኅዳር ላይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እያለ፣ ልጆች ተሰብስበው ማታ አንድ ጆንያ ጀንፈል ሊያነሱ ይስማማሉ፤ ከመካከላቸው የአንዱ አያት ቡና ነው፣ እሱም ያውቃል። ይህ ሳይጻፍ ለምን ያድራል? አሳታሚዎችም ወጣት አያነብም ከማለታችሁ በፊት፣ እሱ የሚገዛው ዋጋ ያለው፣ በኪሱ የሚገባ መጽሐፍ አውጥታችሁ እዩት። መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንተው። ታሪክ አስነብበን ወዲያው «ምን ተማራችሁ?» አንበላቸው። የምንፈልገውን መልስ አውቀው ይሰጡናል፤ እሱም ያው ማስደሰት ነው፣ ያው ይሉኝታ ነው። «አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» እንበል፤ ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቅ።

የልጅቷ ደብተር ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ተመልሶ ሲመጣ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ገጹ ላይ ቡና ፈሶበታል። እስክሪብቶው የሚወድቅበት ገጽ ኅዳግ ላይ ልጆቹ ለሃናን ጽፈውላታል። «አትንገሪያት!» ይላል አንዱ በቀይ። ከሥሩ በሌላ እጅ «ጓደኛዋ አይደለችም እንዴ?» ተብሏል። ከዚያ በታች አንድ ሰው በእርሳስ ሁለት መስመር ጽፎ በላጲስ አጥፍቶታል። መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ አየሁት። «እኔም» የምትለዋ ብቻ ትታያለች።