መጠይቁን ሞላንላችሁ፣ መልሱስ?

እኛ ቤት፣ አዲስ አበባ ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ፣ ሶስት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠይቅ ሞልተናል፣ ሶስቱም ስለ ወንዙ ነው። የሚመጡት ልጆች ጨዋ ናቸው፣ "ማዘር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ" ብለው በር ያንኳኳሉ፣ እናቴ ቡና እያፈላች ከሆነ ደሞ አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ቆሻሻ የት ነው የምትጥሉት፣ ሽንት ቤታችሁ ወዴት ነው የሚፈሰው፣ ሽታው ያስቸግራችኋል ወይ ምናምን፣ ሁሉንም ነገርናቸው። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆኑ ይቅር። ሶስተኛዋን ልጅ እናቴ "የባለፉት ምን አገኙ?" ስትላት ልጅቷ ከሷ በፊት ሰው መምጣቱንም አልሰማችም።

ዩኒቨርሲቲና ማህበረሰብ ለዘላቂ ልማት አብረው ይስሩ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ባነር፣ ቲሸርትና ችግኝ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም (1152/2011) ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማህበረሰብ አገልግሎትን ስራቸው አድርጎታል፣ አንድ ቅዳሜ ጽዳት ወጥቶ ፎቶ መነሳትም ሪፖርት ላይ ይሞላል። ይሁን። እኔ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰፈር ገብቶ ዳታ የሰበሰበ ተማሪ ያገኘውን ለዛው ሰፈር እድር በአማርኛ ሳይነግር አይመረቅ።

ለምን መሰላችሁ፣ ግንፍሌና ቀበና ወርደው ትልቁ አቃቂ ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ታች ደሞ በዛ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ያ ጎመን ዞሮ እኛው ጉሊት ይመጣል። ውሃውም አትክልቱም ላይ ከባድ ብረቶች (እንደ ሊድ ያሉ መርዛማ ነገሮች) እንዳሉ ስንትና ስንት ጊዜ ተጠንቷል፣ ግን በእንግሊዝኛ። እናቴ ጎመኑን በሎሚ ዘፍዝፋ ሶስቴ ታጥበዋለች፣ ማጠብ ጀርሙን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ተክሉ ከስሩ የመጠጠውን ብረት እንደማያወጣ የነገራት ሰው የለም። ይሄን ለመናገር ፕሮጀክት አያስፈልግም፣ ፈንድም አያስፈልግም!

ድሮ በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግል ነበር፣ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ። በአውቶብስ ስንት ቀን ተጉዞ የሚደርስበት ነበረ እኮ። ከአምስት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ግንፍሌ ግን በእግር ነው፣ ቁልቁለት።

ሌላው ነገር ካፌ ነው። የግቢ ካፌ በየቀኑ ስንቱን ሺህ ሲመግብ የሚተርፈው እንጀራና ልጣጩ ብዛቱን አስቡት፣ በየመንደሩ ቡሌ (የካፌ ትራፊ) ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው እንዲህ እርጥብ ነገር ነው፣ ይሄ ሁሉ ቆሼ የሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከመቶ ሰው በላይ ገደለ። ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ግቢ የራሱን ካፌ ትራፊ ባዮጋዝ ወይ ኮምፖስት ሳያደርግ ሰፈር ወርዶ ስለ ቆሻሻ ስልጠና ሲሰጥ ትንሽ ይከብዳል። ከፈለጉ የጽዳት ማህበር ልጆችና ቆራሌዎች ክፍል ገብተው ያሰልጥኗቸው፣ ደሞ በአበል! መምህር ፊልድ ሲወጣ አበል አለው፣ ግማሽ ቀን ስራዋን ጥላ የምታስረዳ ሴትዮ ግን እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ነው የሚደርሳት።

አስቸጋሪው ነገር ማህበረሰብ የሚባለውም አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሲመጣ ስንቱ ጎረቤት ዳር ወጣ፣ እድርተኛውም ተበተነ፣ ዛሬ መጠይቅ የሞላ ሰው ጥናቱ እስኪያልቅ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚ ቶሎ ነው መምጣት፣ ስልክም መያዝ ነው።

የኛ እድር ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት ይሰበሰባል። ወንበርም ድንኳንም አለን፣ ፕሮጀክተር ብቻ ይዛችሁ ኑ።