የጃጓር ቅርስ ዋጋውም ነበር

የእንግሊዙ መኪና አምራች ጃጓር በኖቬምበር 2024 አንድም መኪና የማይታይበት ማስታወቂያ ለቀቀ። ማኅበራዊ ሚዲያው በአንድ ቀን ተንጫጫ። በወሩ ታይፕ 00 የተባለችው የናሙና መኪና ማያሚ ላይ ስትገለጥ ደግሞ ጭቅጭቁ ባሰበት። እስካሁን የሚወራው ስለ አርማውና ስለ ቀለሙ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዋጋው ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ ጃጓሮች ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ሊሸጡ ነው።

ጃጓር እኮ እንዲህ አልነበረም። መሥራቹ ዊልያም ላየንስ በ1922 በእንግሊዟ ብላክፑል ከተማ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር የጀመረው የሞተር ሳይክል የጎን መቀመጫ በመሥራት ነው። ቀጥሎ ኦስቲን ሰቨን የተባለችውን ትንሽ መኪና ሻሲ ወስዶ ያማረ ቦዲ ገጠመላት። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሀብታም መኪና የምትመስል ነገር በአቅሙ አገኘ። ላየንስ መሐንዲስ አልነበረም። ዓይን ግን ነበረው። አዲስ ቦዲ በሙሉ መጠኑ ያሠራና ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቁሞ፣ በቀን ብርሃን እየዞረ ያየው ነበር።

ማርች 1961 ኢ-ታይፕ የተባለችው የጃጓር ስፖርት መኪና ጄኔቫ ላይ ስትቀርብ ልሞክራት የሚለው ሰው በዛ። እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ለነበረው የጃጓር የሙከራ ሹፌር ለኖርማን ዲዊስ ተደወለለት። ሁሉን ትተህ ጣሪያዋ የሚከፈተውን ኢ-ታይፕ ይዘህ ና ተባለ። ባሕር ተሻግሮ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ደረሰ። ቅርጿን ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ ሰው ነው፤ ኩርባዎቿን በሒሳብ እያሰላ ነው የሠራቸው። ሞተሯ 3.8 ሊትር ነበር። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ጃጓር በ1953 «ለ ማን» የተባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈበት ዓይነት ፍሬን ነው። ዋጋዋስ? እንግሊዝ ውስጥ ከነታክሱ 2,100 ፓውንድ ገደማ። የተፎካካሪዋ የአስተን ማርቲን ዲቢ4 ዋጋ የዚህን እጥፍ ይጠጋ ነበር። ኢ-ታይፕ ለሁሉም ሰው አልነበረችም፤ ግን ዋጋዋ ይቀመስ ነበር።

በዝቅተኛ ዋጋ ሞክረው አልሆነላቸውም የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ2015 የወጣችው የጃጓር ኤክስኢ ከቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ጋር ልትወዳደር ገብታ ገበያው አልቀናትም፤ በ2024 ምርቷ ቆመ። ግን ዋጋዋ ዝቅ ማለቱ የጣላት አይመስለኝም። ከጀርመኖቹ መሀል ስትቆም ለይቶ የሚያያት ሰው አልነበረም። ላየንስ ደጃፉ ላይ ቢያቆማት ኖሮ ወደ ፋብሪካ የሚመልሳት ይመስለኛል።

በበኩሌ ታይፕ 00ን አልጠላኋትም። ረጅም ኮፈኗ ድፍረት አለው። ላየንስ ራሱ ጃጓር የምንም ቅጂ መሆን የለበትም ይል ነበር፤ አዲሶቹ አለቆችም ይህንኑ መፈክር አድርገውታል። ይሁን። ግን 100 ሺህ ፓውንድ የያዘ ገዢ ፖርሼም ሌላም በራቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። በዚህ ዋጋ የሚመጣው ጃጓር በመልኩ ቢለይ እንኳን በዋጋው ከሌሎቹ አንዱ ነው። ከትልቋ ጎን አንዲት ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ዋጋዋ የእነ ፖርሼን ግማሽ የሆነች ስፖርት መኪና ይሥሩ።