ከሰባት ቤት በላይ

በእስራኤል ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ አጥንተው እንዲያቀርቡ በትምህርት ቤት ይታዘዛሉ። «ሾራሺም» ይባላል፤ ሥሮች ማለት ነው። ልጄ ደብተሯን ይዛ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ እናቴም ጣቶቿን እያጠፈች ሰባት ቤት ቆጠረችላት። ጎንደር ሳለን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚቆጠረው እስከዚያ ነበር። ልጄ ግን «ከዚያስ በላይ?» አለች። በዚያ ሳምንት ከሚሽና አንድ ምዕራፍ ተምራ ነበርና።

ሚሽና ከ1800 ዓመታት በፊት ገደማ የተጠናቀረ የአይሁድ የቃል ሕግ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች በሀገራችን ኦሪትን እንጂ ሚሽናን አናውቅም ነበር። ሳንሄድሪን የሚባለው ክፍሉ፣ በሰው ላይ ሞት በሚያስፈርድ ክስ ሊመሰክሩ የመጡትን ሰዎች ዳኞቹ እንዴት እንደሚያስጠነቅቋቸው ይተርካል። በግምት፣ በወሬ፣ ወይም ከሌላ ሰው አፍ በሰማችሁት እንዳትመሰክሩ ይሏቸዋል። ከዚያ ቃየልን ያነሣሉ። በዕብራይስጡ ከምድር የጮኸው የአቤል «ደም» ሳይሆን «ደሞች» ነው፤ የእርሱና ሳይወለዱ የቀሩት ዘሮቹ ደም። አዳም ብቻውን የተፈጠረው አንዲት ነፍስ ያጠፋ ዓለምን ሁሉ እንዳጠፋ እንደሚቆጠርበት ለማስተማር ነው። ደግሞም በሰዎች መካከል ሰላም እንዲሆን፣ ማንም ባልንጀራውን «አባቴ ከአባትህ ይበልጣል» እንዳይለው። «የማን ልጅ መሰልኩህ!» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ማንበቤን አቆማለሁ።

በብዙ ኅትመቶች «ከእስራኤል አንዲት ነፍስ» የሚል ተጨምሮ ይገኛል፤ ይህ ቃል የሌለባቸው ቀደምት የእጅ ጽሑፎች አሉ። እኔ እነዚህን አምናለሁ። ማስረጃው አዳም ከሆነ፣ አዳም እስራኤላዊ አልነበረም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የጎረቤት ልጅ ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባልና ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይዞራል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። ማን አየ? ማንም። «ሲባል ሰማሁ» ብቻ ነው፤ ዳኞቹ አትመስክሩበት ያሉት ያው ወሬ። በእናቴ ጀበና ቡና ያፈላች ሴት ልጇን ከእናቴ ዓይን ስትሸሽግ አይቻለሁ። ዛሬም ወደ ሀገር ቤት ስደውል፣ አንድ ሰው ተገደለ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወገኑ ከየት ነው?» የሚለው ነው። ስሙ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓታት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስንመጣ፣ የአጥንት ጥያቄ ከኋላችን የቀረ መስሎን ነበር። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ በድብቅ ሲጣል እንደኖረ አጋለጠ። ምክንያቱ የኤችአይቪ ፍርሃት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ። ታላቅ ወንድሜ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ደም ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። የጎንደሯ ጎረቤታችን ቢያንስ ፍርሃቷን አልደበቀችንም። እዚህ ግን አመስግነው ተቀበሉት፤ ከዚያም ደፉት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ብጠየቅ፣ እኔን አጥብቆ ያመመኝ ሁለተኛው ነው።

ልጄ ምዕራፉን ጮክ ብላ አነበበች፤ እኔም ለእናቴ በአማርኛ እየመለስሁ ነገርኋት። ስለ አቤል ደም ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«የወንድምህን ደም የደፉት ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር?»

«ያውቁታል፣ እማዬ» አልኋት። «በልጅነታቸው ነው የሚማሩት።»