ሻጮች፣ የራዲያተሩን ውፍረት ንገሩን!

በውሃ ለሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ራዲያተር (የውሃውን ሙቀት ወደ አየር የሚያወጣውን ክፍል) ስንጠይቃችሁ ለምንድነው «240 ነው»፣ «360 ነው» ብላችሁ የምታቆሙት? ውፍረቱስ? ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱስ? ይሄን መመለስ ምን ይከብዳል?

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቼ የድምፅ ትረካ እቀዳለሁ። መኝታዬም ስቱዲዮዬም እሷው ናት። ማይኩ ከኮምፒውተሩ አንድ ክንድ አይርቅም። የማራገቢያ ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ከገባ ሥራዬ ገደል ገባ ማለት ነው። ጠረጴዛዋ ጠባብ ስለሆነች ደግሞ ኬዙም (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ትንሽ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ግን መልሱ አንድ ነው፦ «360 ግዛ፣ ትልቅ ይሻላል።» የት ላስገባው?

240 የሚባለው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ስለሚይዝ ነው፤ 360 ደግሞ ሦስት ይይዛል። ዳርና ዳር ያሉት የውሃ ቋቶች ሲጨመሩ አካሉ ብዙ ጊዜ ከ270 ያልፋል። ዋናው መከራ ግን ውፍረቱ ነው። የተለመደው ራዲያተር 27 ሚሊ ገደማ ነው። ማራገቢያው 25። ድምሩ 52። ይሄ ከኬዙ ጣሪያ ሥር ሲገባ ራሙን (ማዘርቦርዱ ላይ ቆሞ የሚሰካውን የማስታወሻ ካርድ) ሊነካ ይችላል። 38 ሚሊ የሆነ ከመጣማ አለቀ። ሻጩን «ስንት ሚሊ ነው?» ስትለው «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» ይልሃል። ኧረ ኦሪጅናልነቱን ማን ጠየቀህ! ሌላው ደግሞ መብራቱን አብርቶ ቀለሙን ያሳይሃል። አዲስ አበባ ስትደውል «ብሩን ላክና እንልክልሃለን፣ የተሸጠ ዕቃ ግን አይመለስም» ነው። ሳትለካ የምትገዛውን ዕቃ፣ ሳይገባ ሲቀር እንኳ አይመልሱልህም።

አንድም ሻጭ ስለ 280 አንስቶልኝ አያውቅም። ሁለት ባለ 140 ማራገቢያ የሚይዘው ማለቴ ነው። የፊቱ ስፋት ከ240 በ36 በመቶ ይበልጣል። ከ360 የሚያንሰው ግን በ9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኬዙ በወርድ ከተቀበለው ለጠባብ ቦታ ከዚህ የተሻለ የለም። ትልቅ ማራገቢያ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ይገፋል። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ለእኔ ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለ ክንፎቹ የሚያወራም የለም። በራዲያተሩ ቱቦዎች መካከል ያሉት ቀጫጭን ብረቶች በጣም ከተጠጋጉ ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ በቂ አየር አያሳልፍባቸውም። ፈጣን ይፈልጋሉ፤ ፈጣን ማለት ጫጫታ ነው። በጋ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ጥቅጥቅ ያለው ክንፍ በሱ ቶሎ ይደፈናል።

ደግሞ እኮ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለ አገር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት እየዞረ እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝም፤ ጣና ቅርብ መሆኑም አይረዳውም። ስለዚህ ሌላ አገር ተሞክሮ «240 ይበቃል» የተባለው እዚህ ማራገቢያውን ሊያስጮህብኝ ይችላል። ከኬዙ ውስጥ የማገኛት እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ታስፈልገኛለች።

ማስታወቂያችሁ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ሙሉ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት። ሜትር አውጥቶ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባሕር ዳር ውስጥ 27 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ክንፉ ሳሳ ያለ 280 ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሜትር ተደርጎበት የተነሳ ፎቶ ካልላካችሁ ግን አልገዛም።