ባለ13 ወር አገር፣ 13ኛ ፎቅ የሌለው ሕንፃ

ሰሞኑን አንድ የሪል እስቴት የሽያጭ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው አዲስ አበባ ውስጥ እያስጨረሱት ስላለው ሕንፃ ሲያወሩ፣ የሊፍቱ አዝራር ከ12 ወደ 14 ለምን እንደሚዘል ተጠየቁ። 13 ገደ ቢስ ቁጥር ነው፣ ደንበኛ ይሸሸዋል፣ በተለይ ዳያስፖራው አይወደውም፣ እኛም ዓለም አቀፍ ደረጃውን ጠብቀን ነው የሠራነው ብለው አለፉት። ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ወደ መዋኛ ገንዳው ተሻገረ። እኛ ግን እዚያው 13ኛው ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የምትለዋን ነገር። ምክንያት ያጠረው ሁሉ የሚጠለልባት ዳስ ሆናለች። የሕንፃ ደረጃ ማለት የማምለጫ ደረጃው ስፋት ነው፤ የእሳት መከላከያ በሩ ነበልባል ለስንት ሰዓት ይችላል የሚለው ነው፤ የበረንዳው መከታ ቁመት ነው። 13ን ዝለል የሚል ደረጃ የለም። የሊፍት አምራች ደግሞ ለቁጥር ደንታ የለውም። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚያውቀው ማረፊያዎቹን ከታች ወደ ላይ በተርታ ብቻ ነው። አዝራሩ ላይ የሚታተመውና ከበሩ በላይ የሚበራው ቁጥር ከጎን የሚሞላ ስያሜ ነው። ባለቤቱ 14 ብሎ ካዘዘ 14 ይጻፍለታል፤ «ሽሮ» ብሎ ቢያዝም ሽሮ ይጻፍለታል።

ለመሆኑ የየትኛው ዓለም ደረጃ? ጣሊያኖች የሚሸሹት 17ን ነው፤ በሮማ ቁጥር ሲጻፍ ፊደሎቹ ቦታ ቢቀያየሩ በላቲን «ኖሬ ነበር» የሚል ቃል ይወጣቸዋል፣ ሞቻለሁ እንደማለት። ቻይናዎች የሚሸሹት 4ን ነው፣ አጠራሩ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ፤ 14ንና 24ንም የሚጨምሩበት አሉ። ስፔኖችና ግሪኮች 13ን የሚፈሩት ከዓርብ ጋር ሳይሆን ከማክሰኞ ጋር ሲገጥም ነው። የጀርመኑ ሉፍታንዛ አውሮፕላኖች ውስጥ 13ኛም 17ኛም የወንበር ረድፍ የለም። እንግዲህ ዓለምን ሁሉ እናስተናግድ ካልን፣ ከመሬት በላይ 20 ፎቅ ያለው ሕንፃ 4፣ 13፣ 14፣ 17 እና 24 ተዘልለውለት የመጨረሻው ፎቅ 25 ይባላል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሳይነካ አምስት ፎቅ! የካናዳዋ ቫንኩቨር ይህ ዝላይ ሲበዛባት በፈረንጆቹ 2015 ፎቆች በተርታ ይቆጠሩ ብላ በሩን ዘጋችው፤ ያሳሰባት የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኛ ግራ መጋባት ነበር። ቫንኩቨር ዓለም ውስጥ አይደለችም እንዴ?

የባሰው ግን ቆጠራው ራሱ ነው። እኛ አገር ሕንፃ የሚጠራው በጂ ነው፤ ጂ+4፣ ጂ+7፣ ጂ+12 እያልን። መሬት ላይ ያለው ወለል ቁጥር አይሰጠውም፤ 1 የሚባለው ከእሱ በላይ ያለው ነው። ስለዚህ ከመሬት ተነስቶ ወለሎቹን አንድ፣ ሁለት ብሎ ለሚቆጥር ሰው፣ 13ኛው ወለል ሊፍቱ ላይ «12» የሚለው ነው። በመሬቱና በ1 መሃል ሜዛኒን የሚባለው ቁጥር የሌለው ወለል ከገባ ደግሞ «11» የሚለው ይሆናል። ገደ ቢስነቱ ወለሉ ላይ ከሆነ ሰዎቹ የዘለሉት ሌላውን ነው፤ 13ን ሸሽቶ 12ኛ ፎቅ የገዛ ሰው አልጋውን የዘረጋው 13ኛው ወለል ላይ ነው። አይ፣ ጣጣው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው ከተባለም፣ ክፉ ዕድል ማንበብ ይችላል፣ መቁጠር ግን አይችልም ማለት ነው።

ፍርሃቱ የፈረንጅ ነው። በመጨረሻው እራት 13 ሰው ተቀመጠ፣ ስቅለቱ ዓርብ ዋለ ይላሉ፤ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ማስፈራሪያ የሆኑት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። ይሁን፣ እነሱ ይፍሩት። ችግሩ እነሱ የሚፈሩት ቀን እኛ ጋ ሲደርስ 13 አለመሆኑ ነው። የእነሱ 2026 ሦስት ዓርብ 13 አለው፤ በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኖቬምበር። እኛ ዘንድ የካቲት 6፣ መጋቢት 4 እና ኅዳር 4 ነው። ክፉ ዕድል ቦሌ ሲያርፍ የትኛውን ካላንደር ነው የሚገልጠው?

የራሳችንን ዓርብ 13 ፈልገን እንፍራ ካልንም ሂሳቡ ቀላል ነው። ወራችን 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን። ስለዚህ 13 የሚውልበት ቀን በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይገፋል። በ2018 መስከረም 13 ማክሰኞ ዋለ፤ ጥቅምት ላይ ሐሙስ፣ ኅዳር ላይ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ላይ ሰኞ፣ ጥር ላይ ረቡዕ፣ የካቲት ላይ ዓርብ። በሰባት ወር ሰባቱንም ቀን ያዳርሳል፤ የቀሩት አምስት ወራት የመጀመሪያዎቹን አምስት ይደግማሉ። ጳጉሜ 13 የላትም። እንግዲህ በእኛ ዓመት ዓርብ 13 ወይ አንዴ ነው ወይ ሁለቴ፤ በ2018 አንዴ፣ የካቲት ላይ፤ በ2019 ሁለቴ፣ ጥቅምትና ግንቦት ላይ። ሊፍት ውስጥ 13ን ከሚሸሹት መካከል የካቲት 13 ዓርብ መዋሉን ልብ ያለ አንድም ሰው የለም። ሊኖርም አይችልም። በእኛ አቆጣጠር ማንም አይፈራውማ!

ደግሞስ 13 በዚህ አገር ማን ነው? በየወሩ 13 ቀን እግዚአብሔር አብ ነው። ሚካኤልን በ12 የዘከረ፣ በማግስቱ አብን ይዘክራል። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ነው፤ ጅራፍ የሚጮህበት፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል የሚቀበሉበት ቡሄ። ሙስሊሙ ዘንድ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ከሳምንቱ ቀናት የላቀው፤ በሂጅራው ወር ደግሞ 13፣ 14 እና 15 አያመል ቢድ ተብለው በፈቃድ የሚጾሙ የተወደዱ ቀናት ናቸው። 13ኛው ወራችን ጳጉሜ ነው፤ ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናቡ ጸበል ነው ተብሎ ሕፃን አዋቂው ደጅ ወጥቶ የሚታጠብበት። ቱሪዝማችን «ምድረ ቀደምት» ከመባሉ በፊት አሥርት ዓመታት ሙሉ ለዓለም የተሸጠው «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መፈክር ነበር። ያ ፖስተር ከአገር ይልቅ ዛሬም ተሰቅሎ የሚገኘው ባሕር ማዶ፣ በሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ 13ን አይወድም የተባለው ዳያስፖራ ይኸው ነው። በ13 ማማረር የሚገባው ሰው ካለ ጳጉሜን ሙሉ ሠርቶ ደመወዝ የማይታሰብለት የወር ደመወዝተኛ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያማርረው በቀጣሪው ነው።

የራሳችን ገድ የለንም ወይ? ሞልቶናል። ማታ ቤት አይጠረግም፣ ሲሳይ ይወጣል። ሲመሽ ጨው ለጎረቤት አይሰጥም። ነጋዴው ጠዋት የመጀመሪያዋን ደንበኛ እግር ያያል፣ ሚልኪ አላት ወይስ የላትም ይላል። ጥብቅና የሚቆምላቸው አይደሉም። ግን በኩራዝ ብርሃን የጠረገ ሰው የወደቀች መርፌ ወይም ጉትቻ አብሮ ሊጥል እንደሚችል ይገባል፤ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ጨው በጨለማ አለመስጠትም ይገባል። ለማንኛውም እነዚህ ከጓዳና ከሱቅ አልወጡም። የሕንፃ ፕላን ላይ አልተጻፉም።

ቁጣው እዚህ ላይ ነው። ፎቅ መዝለል ቀልድ አይደለም። የጸደቀው ፕላን 13 ይላል። የእሳት ማንቂያውን የሚዘረጋው ተቋራጭ የሚሠራው ከፕላኑ ነውና ጥበቃው ክፍል ያለው ሰሌዳ ሲጮህ 13 ያሳያል፤ ሊፍቱ የሚያውቀው 14ን ነው፤ ጭስ የታፈነው ነዋሪ 939 ደውሎ የሚናገረውም 14 ብሎ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊፍት አያምንም፣ በደረጃ ነው የሚወጣው፣ በጭስ ውስጥ ደግሞ የሚተማመነው በቆጠራው ነው። ቱቦውን የሚያገናኘው ከሚነደው ፎቅ አንድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሙቀትና ጭስ ሽቅብ ስለሚሄድ ከታች ሆኖ ተዘጋጅቶ ነው ወደ እሳቱ የሚገባው። አሁን ቁጠሩለት። 14 ተብሎ ተነግሮታል፣ አንድ ቀንሶ 13 ፎቅ ሽቅብ ይወጣል፣ ቱቦውን ሊያገናኝ በሩን ይከፍታል። እሳቱ ያለው እዚያው ነው። ውኃ ሳይዝ ፊት ለፊት ገጠመው። ጥንቃቄ ያደረገው ሰው ነው የሚቃጠለው።

ኤሌክትሪኩም ያው ነው። የማከፋፈያ ሳጥኖቹ በፕላኑ ቁጥር ከተለጠፉ፣ ሊፍቱ 14 በሚለው ፎቅ ላይ ሽቦ ሊቀይር የመጣ ኤሌክትሪሺያን «14» የሚለውን ማብሪያ ማጥፊያ ያወርድና የላይኛውን ጎረቤት አጨልሞ፣ ራሱ ኃይል ያለበትን ሽቦ ይነካል። በቴስተር ሳይነካ የማይጀምር ባለሙያ ይተርፋል፤ ሁሉም ቴስተር ያወጣል የሚል ካለ ግን ግንባታ ቦታ ረግጦ አያውቅም። ሰነዱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ፕላኑ 13፣ የሽያጭ ውሉ 14፣ ባንኩ መያዣውን በየትኛው ቁጥር እንደሚመዘግብ ለማወቅ ሁለት ቢሮ ሊያመላልስ ነው።

እና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት ከመንገዱ ማዶ ይቁም፣ የወለሎቹን ንጣፍ ከመሬቱ ጀምሮ ይቁጠር፣ የጸደቀውን ፕላን ቅጂ ይጠይቅ። ውሉ ላይም «በፕላኑ 13ኛ፣ በሊፍቱ 14 የተባለው» ተብሎ ይጻፍለት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ካሬው የሚወደድበት ሕንፃ ውስጥ የ14ኛን ዋጋ ከፍሎ የሚረከበው 13ኛውን ነው። የሽያጭ ኃላፊው ይህችን አላነሷትም፤ ጠያቂውም ቢሆን መዋኛ ገንዳው ጋ ደርሶ ነበር።