ቆራሌው የሚተወውን እዩ

«ሪሳይክል ራስን ማታለያ ነው» የሚለው ክርክር ከውጭ መጥቶ እኛም ዘንድ ይደጋገማል። መነሻው ሐሰት አይደለም። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ዓለም ከጣለው ፕላስቲክ 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ተመልሶ የተሠራው። ቻይናም በ2018 እ.ኤ.አ. የሌሎችን የፕላስቲክ ቆሻሻ አልቀበልም ስትል፣ ለዓመታት «ሪሳይክል ሆነ» እየተባለ የተላከው ክምር መድረሻ አጣ። ይህን ክርክር እንዳለ አምጥቶ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ መለጠፍ ግን ስህተት ነው። ውጭ አገር ከተማው ከፍሎ ያስነሣል፤ እዚህ ቆራሌው ከፍሎ ይወስዳል፤ የሚወስደውም የሚረከበው ስላለ ነው። ስለዚህ «ይህ ዕቃ በእርግጥ ተመልሶ ይሠራል ወይ?» ለሚል ሰው ቀጥተኛው መልስ ቆራሌው በር ላይ ቆሞ የሚያነሣውና የሚተወው ነው።

ብረትና አሉሚኒየም አያከራክሩም። አሉሚኒየምን አቅልጦ መልሶ መሥራት፣ ከማዕድኑ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል። መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ሪሳይክል የሚለው ቃል ሳይሰማ በፊት በርሜሉን ምድጃ ሲያደርግ ኖሯል።

ሃይላንዱ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ10 እስከ 15 ግራም ቢመዝን ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 እስከ 100 ጠርሙስ መልቀም ያስፈልጋል። ለቃሚው እየረገጠ የሚያጣጥፈው ለዚህ ነው፤ ሳይረገጥ የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት የሚሸከመው አየር ነው። ጠርሙሱ ፔት (PET) የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፔቱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ክዳኑ የሚፈራውን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የመለያው ልጥፍ ሙጫና ቅባት ነው። ይህ እንዲለቅ የተፈጨው 80 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ይታጠባል፤ ከዚያም አጥንቱ ድረስ መድረቅ አለበት። እርጥበት የቀረበት ፔት ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲያገኘው ውሃው የፕላስቲኩን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል፤ ከፔቱ የሚፈተለው ክር ይሳሳል፣ ይቆረጣል። ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) ከገባበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ፒቪሲው በዚያ ሙቀት ፈርሶ አሲድ ይለቃል፣ ጥቂቱ ብዙውን ያበላሻል።

እኛ ዘንድ ሃይላንድ ቶሎ አይጣልም፤ ዘይትም አረቄም ይያዝበታል፣ መልካም ነው። ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የከረመበት ግን ፕላስቲኩ ሽታውን ስለሚጠጣው ታጥቦ አይጠራም፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። ሁሉም ደርሶ ቢያልፍም ፔት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ጠርሙስ አይሆንም፣ የልብስ ክር ይሆናል። ያ ልብስ ሲያልቅ ለልዋጭ እንኳ አይሆንም። ይህ አንድ ዙር ማዘግየት ነው፤ ጥቅም አለው፣ ግን ፋብሪካዎች ማስታወቂያ ላይ እንደሚስሉት የማያልቅ ክብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከሱቁ በር ሥር የተደረደረው የቢራና የለስላሳ ሳጥን ነው። ብርጭቆ ለማቅለጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል፤ ታጥቦ የሚሞላ ጠርሙስ ግን ይህን ሁሉ እሳት አይጠይቅም፣ ከ20 ጊዜ በላይም ይመላለሳል። «ባዶ ጠርሙስ ካላመጣህ መያዣ ክፈል» የሚለው የባለሱቅ ሕግ ከስንት ዘመቻ በላይ ሠርቷል። ለስላሳው ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሸሽ ዝም ማለታችን ነው የሚገርመው።

ቆራሌው ገዛው ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ 327 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የጓሮ ከሰል ይበቃዋል። አሲዱ አፈር ላይ ይደፋል፣ ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌ ባትሪ የሚሸጥ ሰው አሲዱን ሳይደፋ፣ ሳይሰብር፣ ለአዲሱ ባትሪ ሻጭ ቢመልሰው ይሻላል።

ፌስታልን ቆራሌው አይነካም፤ ቀጭን ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ክብደት የለውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ለመግታት ሞክሮ አልተሳካለትም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የከለከለው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው፤ ሪሳይክል ለማይሆን ነገር መከልከል ተገቢ ነው።

ከቤት ከሚወጣው ትልቁ ክፍል ግን ቆራሌው የማይጠይቀው ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥ። ይህ ክምር ውስጥ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ቆሼ ላይ የተከመረው ምን ያህል እንደነበር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ሰው የቀበረው ናዳ አሳይቷል። ወጡና ካርቶኑ አንድ ፌስታል ውስጥ ሲታሰሩ ካርቶኑ ወጡን ይጠጣና ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ ገንዳ ውስጥ ከገቡ በኋላ መለየት ደግሞ በባዶ እጅ ስባሪ ጠርሙስ መሃል መፈተሽ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብስባሽ ማዘጋጀት ለሁሉም አይሆንም። አንድ ተጨማሪ የማዳበሪያ ከረጢት በር ጀርባ መስቀል ግን ይቻላል፤ ካርቶን፣ ተጨፍልቆ የገባ ሃይላንድ፣ ጣሳ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበሩ ልጆች ሲመጡ ለብቻው ስጧቸው። ጋሪው ጎን ላይ ያንጠለጥሉታል፤ እሱን ሸጠው የሚያገኙት የራሳቸው ነው።